ሚኒሞ

መኪናዬ ስትሮጥ አንዳች አይነካት፤
ስትቆም ነው እንጂ ሞት የሚቃጣት።

ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርቴን ጭኜ፣
በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ለምኜ፣
የጣርማ በር ዋሻን ሳልፍ፣ ጉም ሲቀበለኝ፣
«ደክሞኛል፣ ውረድ» ያለችበት ቀን የለኝ።
ግን ደብረ ብርሃን ገብቼ፣
እግሬን ከቤንዚኑ ቀስ ብዬ አንስቼ፣
ትራፊክ እጁን ዘርግቶ ሲያቆመኝ፣
ያን ጊዜ ነው ጉዱ፣ ያን ጊዜ ነው የሚያመኝ፤
መሪው ይንቀጠቀጣል ወባ እንደያዘው ሰው፣
የመስታወቱን ጩኸት ማን ይመልሰው፣
ድፍ… ድፍ…
ከዚያ ዝም።
ከኋላ ጥሩምባ፣ ከጎን የባጃጅ ስድብ፣
ቁልፍ አዞራለሁ፣ በዚያ ብርድ በላብ።

ካንዴላ ነው አሉኝ፤ አራቱንም ቀየርኩ።
ካርቡራቶር ነው አሉኝ፤ አስፈትቼ አሳጠብኩ።
ጠባሴ ያለው ደግሞ «ቦቢናው ነው» አለ፤
የሱንም ከፈልኩት፣ ንዝረቱ ቀጠለ።
በኋላ እኔው ራሴ በካቻቢቴ ጫፍ
ሚኒሞዋን ከፍ አረግሁት፣ ጨርሳ እንዳትጠፋ፣ እንዳታርፍ።
ቆማ እየጮኸች፣ ቤንዚን እየጠጣች፣
ሰባት ወር ሙሉ እንዲሁ ሰነበተች።

አንድ ማክሰኞ ሄድኩ፣ ወደ ማምሻ፣
ጋሽ ሸዋንግዛው ጋ፣ የአስፋልቱ መጨረሻ።
ግራ ጆሮው አይሰማም፤ በቀኙ፣ በጎማ ቱቦ፣
ሞተር ያዳምጣል እንደ ሐኪም ቀርቦ።
«አስነሳት» አለኝ። «ቤንዚን ግን አትስጣት።»
«ትጠፋለች» ስለው፣ «ትጥፋ፣ ምን አለባት፤
የታመመ ሰው ሐኪም ቤት እየዘፈነ አይገባም፤
አስጩኸህ የደበቅከውን ማንም አይሰማም።»

ሚኒሞዋን መለሰው፣ አንድ ዙር፣ ሁለት፤
ወዲያው ጀመራት ያ የድሮው ንዝረት።
የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቀለ፤ ድምፁ ወረደ። መለሰ።
የሁለተኛውን ነቀለ፤ ወረደ። መለሰ።
ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም።
«እሳቷ ደህና ነው፣ በከንቱ አትማት፤
አየር ነው፣ ያልተጠራ እንግዳ የገባባት።»
ቱቦውን ከጆሮው፣ ጫፉን ከሞተሩ ጎን፣
ዐይኑን ጨፍኖ ሄደ፣ ከወዲህ ወዲያ ሲሆን፣
ድንገት ቆመ። የሳሙና ውኃ በጣቱ ጠብ አደረገ፤
ለአንድ አፍታ ትንፋሿ ቀጥ አለ፣ አረገረገ፣
ተመልሶ ተበላሸ።
«አገኘኋት» አለ።
ወደ ፍሬኑ የምትሄድ የጎማ ቱቦ ናት፣
ከሆዷ በኩል፣ ሰው በማያይባት፣
የጥፍር ቁራጭ በምታህል ስንጥቅ
ሰባት ወር የሳበች፣ ማንም ሳያውቅ።

አዲስ ቱቦ ሲቆርጥ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡሩምባ
ፈረቃ ሊቀይር ጮኸ፤ የአባቴ ነገር ሆዴ ገባ።
ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ሲሸምን፣
አልጋ ላይ አልዋለም እንኳ ለአንዲት ቀን።
ጡረታ ወጣና ደጃፍ ወንበር አወጣ፤
በአራተኛው ወር ጣቶቹ ላይ ንዝረት መጣ።
«ሥራ ፈትቶ ነው» አልን፤ ዶሮ ተገዛለት፣
የዕድር ጸሐፊነትም ለምነን አመጣንለት፣
ደህናውን አጥር አፍርሰን እንዲያጥር ሰጠነው፤
እያደር አስሮጥነው፣ ሲያርፍ እንዳናየው።
ደረቱ ላይ ጆሮውን የጣለ ግን አልነበረም፤
መስከረም ሲጠባ እሱም አልነበረም።

«ያዝ!» አለኝ ጋሽ ሸዋንግዛው። የድሮዋን ቱቦ ያዝኩ።
አዲሷን አስገባ፣ በሽቦ አሰረ፣
ቤንዚኗን ሩብ ዙር ቀንሶ መከረ፦
«የእኛ አየር ስስ ነው፤ የሮቢትን ያህል አትብላ።»
መቶ ሃያ ብር ጠየቀኝ። ሌላ?
ሌላ ምንም።

አስነሳሁ። እግሬን አነሳሁ።
ኮፈኑ ላይ የረሳው ካቻቢቴ እንኳ
ንቅንቅ አላለም።
መሽቷል፣ ቤት ይጠብቁኛል፤
«ምን ትሠራለህ? ሂድ እንጂ!» አለኝ
ደህነኛውን ጆሮ ወደኔ አዙሮ።
«ትንሽ ትቁም» አልኩት።